የልጄ አጎት የሆንኩበት ቀን

አንዳንዱ ሰው ስኳር አለበት፣ አንዳንዱ ደም ግፊት አለበት። የእኔ በሽታ ግን ሐኪም ቤት ቢሄዱበትም መድኃኒት የለውም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ሳነብ የተደረደሩት ነገሮች ካልተሰለፉልኝ ያመኛል። ቀልዴን እንዳይመስላችሁ፤ እዚህ ደረቴ ላይ ነው የሚይዘኝ።

ለማያውቀው ላስረዳ። ፈረንጆቹ «ፓራለል ስትራክቸር» ይሉታል። ነገሩ የሚከብድ አይደለም፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለትም ሦስትም ነገር ከደረደርክ ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ይልበሱ ነው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል የሚሰለፉ ተማሪዎችን አስቡ። ሁለቱ ዩኒፎርም ለብሰው ሦስተኛው በፒጃማ ቢመጣ ከበር ይመለስ የለም? «ማይ ብራዘር ላይክስ ሪዲንግ፣ ስዊሚንግ ኤንድ ቱ ዎክ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ያንን ባለ ፒጃማ አስገብቶ አሰልፎታል። «ሪዲንግ፣ ስዊሚንግ» ካልክ «ዎኪንግ» በልና ገላግለን። አንድ ሰው መጥቶ «ወንድሜ ማንበብ፣ መዋኘትና ይራመዳል ይወዳል» ቢላችሁ «ደህና አደርክ ወይ?» ትሉት የለም? እንግሊዝኛውም ያው ነው። ግን ማን ይሰማል!

ይህን በመናገሬ ያጣሁትን ወዳጅ ብዛት እግዜር ይወቀው። ወሎ ሰፈር የማዘወትረው አንድ ካፌ አለ፤ ነበረ ልበል። ግድግዳው ላይ በትልቁ «ፍሬሽ፣ ክሊን ኤንድ ዊ ሰርቭ ፋስት» ተብሎ ተጽፏል። ባለቤትየዋን በትህትና ጠርቼ ሦስተኛው ከሁለቱ ጋር እንደማይሄድ አስረዳኋት። እሷም በትህትና ሰማችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማኪያቶዬ ቀዝቅዞ ነው የሚመጣው፣ ያውም ከመጣ። የባለቤቴ የአጎት ልጅ ስታገባ ደግሞ የጥሪ ካርዱን የእንግሊዝኛ ገጽ አርሜ ለሙሽሪት አባት መለስኩላቸው፤ ደስ የሚላቸው መስሎኝ። በሠርጉ ቀን ያስቀመጡን ስፒከሩ ሥር ነው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ በግራ ጆሮዋ በደንብ አትሰማም። እኔ ሳወራ የምታዞርልኝም እሱኑ ነው።

የምሠራው ካዛንቺስ፣ ከፈረሰው በተረፈ አንድ ሕንፃ ላይ ነው። ሥራዬ የመሥሪያ ቤቱን የእንግሊዝኛ ሪፖርት ማረም ነው። ድሮ ወረቀቱ ተቆልሎ ይጠብቀኝ ነበር፤ አለቆቼ ራሳቸው «እንዴት ነው፣ ይሄዳል?» ብለው ጠረጴዛዬ አጠገብ ይቆሙ ነበር። አሁን ወጣቶቹ ሪፖርታቸውን ለኮምፒውተር ሰጥተው በአንድ ትንፋሽ ያሳርሙና «ጋሼ፣ ለደንቡ ያህል ይዩልን» ይሉኛል። ለደንቡ ያህል! ሰው ለደንቡ ያህል የሚታየው ሬሳ ነው። አንድ ቀን ስህተት አገኘሁ ብዬ ይዤ ብሄድ፣ ልጁ ስልኩ ላይ የሆነ ነገር ነካ ነካ አድርጎ «ጋሼ፣ ይሄኛው ልክ ነው ይላል» አለኝ። ማነው የሚለው? ብዬ አልጠየቅኩትም። በቃ ከዚያ በኋላ ቢሮ ውስጥ ለሻይ ካልሆነ አፌን አልከፍትም።

ቢሮ የሚሰማኝ ሲጠፋ ወደ ቤቴ ዞርኩ። ቤት ማህሌት አለች።

ማህሌት አንድ ልጄ ናት። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገባች። ራት ላይ «አባዬ፣ ዛሬ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ምን ሆነ መሰለህ» ብላ ስትጀምር «በእንግሊዝኛ ንገሪኝ» እላታለሁ። ትጀምራለች። ገና ሁለተኛው ላይ ስትደርስ «ቁሚ» እላታለሁ። «የመጀመሪያው ግሥ በምን አለቀ? ሁለተኛውስ?» አስተካክላ ትቀጥላለች። «ቁሚ።» ከስፖርት ክፍለ ጊዜው ሳንወጣ ወጡ ይቀዘቅዛል። እንዲህ እንዲህ እያልን ስንሰነብት የልጅቷ እንግሊዝኛ ጥርት አለ፤ አጭር ስለሆነ። «የስ»፣ «ኖ»፣ «ታንክ ዩ»። እነዚህ የሚሰለፍ ነገር የላቸውም፣ ምንም ስህተት አላገኘሁባቸውም። «አየሽ፣ ልጅሽ ተለወጠች» አልኳት ባለቤቴን። ባለቤቴ ግራ ጆሮዋን አዞረችልኝ።

ማህሌት የዘንድሮው ትምህርት ቤቷ አዲስ ነው፣ ከኦሎምፒያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ። የድሮው ትምህርት ቤቷ የወላጆች በዓል ላይ ዳይሬክተሩ በእንግሊዝኛ ንግግር ሲያደርጉ እጄን አውጥቼ ነበር። ዝርዝሩን ተዉት። አዲሱ ትምህርት ቤት ልትጀምር ዋዜማ ላይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና «አባዬ፣ እዚህ ትምህርት ቤት አትምጣብኝ» አለችኝ። «አትምጣ» እና «አትምጣብኝ» መሃል ያለውን ርቀት እንግሊዝኛ አያውቀውም። እኔም ለጊዜው አላወቅኩትም። «እሺ» አልኳት፤ ልጆች ሲያድጉ እንዲህ ይላሉ ብዬ።

ቃሌን ጠብቄ ነበር። አንድ ማታ ግን የእንግሊዝኛ ደብተሯን ገለጥኩ። ስለ ሰፈራችን አንድ አንቀጽ ጻፉ ተብለው፣ እኔ ቃል በቃል አጽፌያት ነበር። ምን ያለ አንቀጽ መሰላችሁ! ሦስት ሦስቱ እየተደረደረ፣ አንዱም ከሌላው ሳይዛነፍ። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የምኮራበት ነው ብል አላጋነንኩም። አስተማሪዋ ከዳር እስከ ዳር በቀይ ሰርዛዋለች። ኤክስ። ምክንያት የለ፣ ማብራሪያ የለ።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት ማህሌትን።

«እኔ እንጃ» አለች፤ በአማርኛ።

በማግሥቱ ለቢሮ «ለቅሶ አለብኝ» ብዬ ወጣሁ። ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው አይባልም። ከካዛንቺስ ወደ ኦሎምፒያ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ለአስተማሪዋ የምነግራትን በእንግሊዝኛ አጠናሁ። ሦስት ነጥብ ነው፤ ሦስቱም በአንድ ዓይነት ቃል የሚጀምሩ፣ በአንድ ዓይነት የሚያልቁ። ድምፄን ከፍ አድርጌው ኖሮ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ አማትባ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው ተቀብሎ «ማንን ፈለጉ?» አለኝ።

«የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪዋን። የማህሌት አባት ነኝ።»

«የማህሌት አባት ገብተዋል።»

«የት ነው የገቡት?»

«አስተማሪዎች ክፍል፣ አሁን ቅድም። ጥቁር ሱፍ የለበሱ፣ ባርኔጣ ያደረጉ። እንዲያውም ቆመው ስለ ልጆቼ ጠይቀውኝ ነው ያለፉት። ጨዋ ሰው ናቸው።»

«አይደለም፤ የማህሌት አባት እኔ ነኝ።»

ዘበኛው ከጫማዬ ጀምሮ ወደ ላይ አየኝ። ፊቴ ላይ ሲደርስ ሐሳቡን ጨርሶ ነበር።

«ስንት አሰቡልህ?» አለኝ። «እርስዎ» የሚባለው ነገር እዚያው በር ላይ ቀረ።

«እንዴት ማለት?»

«ማለትማ አንተ ታውቀዋለህ። ወላጅ አምጡ ሲባሉ ከመንገድ ሰው ለምነው ይመጣሉ። ባለፈው አንዱ ሎተሪ አዟሪ አምጥቶ፣ ሰውዬው ልጄ ልጄ እያለ ለአስተማሪው ሁሉ ሎተሪ ሸጦ ወጣ። ልጁ ተባረረ። አሁን ዳይሬክተሯ የሐሰት ወላጅ ያመጣ ዓመቱን አይማርም ብላለች። ሂድ ወንድሜ፣ ልጅ አታስባርር።»

መታወቂያዬን ፈለግኩ። ሌላኛው ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ትቼው ወጥቻለሁ። «የአባቷን ስም ጠይቀኝ» አልኩት። ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ሳቀ።

«ይሄንንማ መጀመሪያ ነው የሚያስጠኗችሁ።»

ሰው በገዛ ስሙ ይሳቅበታል? የተወለደችበትን ቀን ነገርኩት፣ የተወለደችበትን ሐኪም ቤት ነገርኩት፣ በሕፃንነቷ ሞግዚቷን ነክሳ ያደረሰችውን ሁሉ ነገርኩት። «የዛሬው ደግሞ በደንብ አጥንቷል» አለ ለራሱ። ከዚያ ክንዴን ያዘና «እንግዲያው ና፣ ፊት ለፊት ትጠየቃላችሁ» ብሎ ወደ ውስጥ ወሰደኝ።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አስተማሪዋ ወጣት ናት፣ ሂሩት ትባላለች፤ ጠረጴዛዋ ላይ የማህሌት ደብተር ተዘርግቷል። ማህሌት አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ከእሷ አጠገብ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ የተቀመጠው ደግሞ ጋሽ ደምሴ ነው።

ጋሽ ደምሴን ላስተዋውቃችሁ። ድሮ ካዛንቺስ ቤት የሚያከራይ ደላላ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ የሚያከራየው ቤት አጣና ራሱን ማከራየት ጀመረ። ሚስት የሚጠይቅለት ሽማግሌ ያጣ እሱን ይጠራል፤ ተጣልቶ አስታራቂ ያጣም እሱን ይጠራል። አንድ ጥቁር ሱፍና አንድ ባርኔጣ አለው፤ በነዚያ የስንቱ አጎት፣ የስንቱ የክርስትና አባት ሆኗል። ታናሽ እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሲመጡ ከመሃላቸው ነበረ፤ ከልቡ ያለቀሰው እሱ ብቻ ነው። አሁን የምንኖርበትን የወሎ ሰፈር ቤት ያገኘልንም እሱ ነው። ይህን ሁሉ ሲሆን አውቅ ነበር። የማላውቀው እኔን መሆን እንደጀመረ ነበር።

«ቲቸር፣ ሌላ አባት ይዤ መጥቻለሁ» አለ ዘበኛው።

አስተማሪዋ ግራ ገባት። በስሜ ጠራችና «አቶ እገሌ፣ ይህን ሰው ያውቁታል?» አለች። በገዛ ስሜ! እኔ አቤት ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ደምሴ «አቤት» አለ።

«ማህሌት» አለች አስተማሪዋ፣ «ይሄ ሰው ማነው?»

ማህሌት ቀና አለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን የለም። ይህች ልጅ ትኩሳት ሲይዛት፣ ጥርሷ ሲነቀል፣ ውሻ ሲያባርራት አይቻታለሁ። እንዲህ ፈርታ ግን አይቻት አላውቅም። ሁለት ቃል ብናገር እኔ አባቷ እሆናለሁ፤ እሷ ዓመቷን ታጣለች። ታክሲ ውስጥ ያጠናኋቸው ሦስት ነጥቦች ምን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላስታውሳቸውም።

«አጎቷ ነኝ» አልኩ።

«ቅድም አባቷ ነኝ አላልክም?» አለ ዘበኛው።

«አጎት አባት አይደለም እንዴ? በእናንተ አገር እንዴት ነው?»

ዘበኛው አሰበ። «እሱስ ልክ ነህ» አለና ክንዴን ለቀቀኝ።

ጋሽ ደምሴ ነገሩን ከአየር ላይ ቀለበው። ደላላ አይደል? «የባለቤቴ ወንድም ነው» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሁላችንም በምንሰማው ልክ፣ «ትንሽ እንግሊዝኛ በዝቶበት ነው» ብሎ ጨመረ።

«ስምዎን ማን ልበል?» አለችኝ አስተማሪዋ።

ስሜ ተይዟል። ጋሽ ደምሴን አየሁት።

«ደምሴ» አለ ጋሽ ደምሴ። ለጋስ ሰው ነው፤ ለጊዜው የማይፈልገውን ስሙን አዋሰኝ።

እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ። አስተማሪዋም ካቆመችበት ቀጠለች። «እንዳልኩዎት አቶ እገሌ፣ ያስጠራሁዎት ልጅቷ አጥፍታ አይደለም። ማህሌት እኔ ክፍለ ጊዜ ላይ አትናገርም። ሌሎቹን አስተማሪዎች ጠይቄ ነበር፣ ሒሳብ ላይ እጇን ታወጣለች፣ አማርኛ ላይ እንዲያውም ዝም በዪ ነው የምትባለው። እኔ ስገባ አፏ ይዘጋል። ስጠይቃት ይሄው አሁን እንዳያችኋት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ አፍራ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ ዓረፍተ ነገሩን ውስጧ እያረመች ነው። አርማ ሳትጨርስ ደወል ይደወላል።»

ጋሽ ደምሴ ከንፈሩን በሐዘን መጠጠ። «ወይኔ ልጄን» አለ። ልጄን!

«የዚህ ሴሚስተር ውጤት ግማሹ በንግግር ነው» አለች አስተማሪዋ። «ካልተናገረች እኔም ልረዳት አልችልም። የቤት ሥራዋ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ነው የማገኘው። ይሄን አንቀጽ ይዩት፣ ሁሉ ነገር ሦስት ሦስት ሆኖ ተደርድሯል። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እንዲህ አይጽፍም፤ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት እኮ ነው የሚመስለው። የሰረዝኩት ስህተት ኖሮበት አይደለም። የእሷ ስላልሆነ ነው።»

የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ይመስላል። ይህን ቃል በመሥሪያ ቤቴ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው ኖሬያለሁ፤ ማንም አላለልኝም። የተባለልኝ ቀን እኔ ደምሴ ነበርኩ። በአንድ በኩል ደስታዬ፣ በሌላ በኩል ውርደቴ፣ የቱን ልያዝ? ማህሌትን አየኋት። ወለሉን ታያለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ነገር በእኔ ላይ እንዲህ በጠራራ ፀሐይ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ስለዚህ እባክዎ» አለች አስተማሪዋ ጋሽ ደምሴን፣ «ቤት ውስጥ ስታወራ አያርሟት። ትሳሳት፣ ግድ የለም። መጀመሪያ ታውራ።»

ጋሽ ደምሴ ብድግ አለ። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አደረገ። እንግሊዝኛ ቢባል «ኦኬ» ብቻ የሚያውቀው ሰውዬ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ በቤቴ እርማት የሚባል የለም። አንዲት ቃል፣ አንዲት ፊደል ካረምኳት ይሄ ባርኔጣ አናቴ ላይ አይውጣ!» አስተማሪዋ ልቧ ተነካ። እሱ ግን የያዘውን ሰው ሚና ያለ ቅመም አይተውም፤ ወደ እኔ ዞረና ጣቱን ቀሰረብኝ። «ለነገሩ ዋናው ጥፋተኛ ይሄ ነው። እኔ ሥራ ውዬ ስመጣ ቁጭ አድርጎ የሚያርማት ይሄ አጎቷ ነው። ስንቴ ተው ብዬዋለሁ!»

አስተማሪዋ በሐዘኔታ አየችኝ። «ጋሽ ደምሴ» አለችኝ፣ «መልካም አስበው እንደሆነ ይገባኛል። ግን እባክዎ፣ ልጅቷን ለአባቷ ይተዉላቸው።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ልንወጣ ስንል አስተማሪዋ የማህሌትን ትከሻ ያዝ አደረገችና በእንግሊዝኛ «ዩ አር ስማርት፣ ካይንድ ኤንድ ዊ ላቭ ዩ» አለቻት። ደረቴን ያዘኝ። ሁለቱ በዩኒፎርም፣ ሦስተኛው በፒጃማ፣ ያውም ከአስተማሪ አፍ! ጋሽ ደምሴ ፈገግ ብሎ «ኦኬ» አለ። ማህሌት ግን ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ትጠብቀኝ ነበር። አውቃኛለች፤ አሁን ሊናገር ነው፣ አሁን ሊያበላሸው ነው እያለች ነበር የምታየኝ። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔው እዚያው አፌ ውስጥ ሲነቅዝ ይታወቀኝ ነበር። ልጅቷ ትንፋሿን ለቀቀች።

በመጨረሻም አስተማሪዋ «ነገር ሲኖር እንድደውል» ብላ የአባትየውን ስልክ ቁጥር ተቀበለች። ጋሽ ደምሴ የራሱን ሰጣት።

ግቢው ውስጥ ጋሽ ደምሴን ለብቻው ያዝኩት። «ጋሽ ደምሴ፣ አያፍሩም? እኔ ሳልሞት!» አልኩት።

«ምነው፣ ምን አደረግኩህ?» አለ፤ ከልቡ ተገርሞ። «አንድም ሳንቲም አልተቀበልኳት እኮ። የሰፈር ልጅ በነፃ ነው የምወልደው።»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚባለው ትዝ አለኝና ልናገር ስል፣ ባርኔጣውን አድርጎ ለዘበኛው ሰላምታ እየሰጠ ወጣ። ማህሌት ከኋላዬ መጥታ ቆማለች። ዘበኛው እንዳይሰማ ቀስ ብላ «አባዬ» አለችኝ።

«ለምን እኔን አልጠራሽኝም?» አልኳት።

«ቲቸር ስለ እኔ ነበር ማውራት የፈለገችው።»

«ታዲያ?»

«አንተ ብትመጣ ስለ እኔ አታወሩም ነበር።»

ደወሉ ተደወለ። ወደ ክፍሏ ሮጠች። እኔ እዚያው የባንዲራው እንጨት አጠገብ ቆሜ ቀረሁ፤ ዘበኛው መጥቶ «አጎት፣ በቃ፣ ልዘጋ ነው» እስኪለኝ ድረስ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለአልማዝ እየተቃጠልኩ ነገርኳት። አጣጥማ ሰማችኝ። በቀኝ ጆሮዋ መሆኑን ሳይ ጠረጠርኩ።

«ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ሱፉን ማን የተኮሰው ይመስልሃል?» አለች። «እኔ ልሂድ ብላት ቲቸሯ አባትሽን ነው የምፈልገው ብላታለች። ምን ታድርግ ልጅቷ?»

«ለምን ለእኔ አትነግሩኝም?»

«ብንነግርህ ትሄድ ነበር።»

«አዎ፣ እሄድ ነበር!»

«እኮ» አለች።

እንግዲህ እኔ ባልገባሁት ቃል ታሰርኩ። ጋሽ ደምሴ በእኔ ስም የማለውን እኔ በእኔ አፍ ጠበቅኩ። ራት ላይ ማህሌት በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ስትወረውር ጉርሻዬን አተልቀዋለሁ፤ አፍ ሙሉ ከሆነ አያርምም። መጀመሪያ ሰሞን እየሰረቀች ታየኝ ነበር፤ በኋላ ማየቱን ተወችው። ሰውነቴ ጨመረ። ቢሮ ውስጥ «ጋሼ ተመቸዎት መሰለኝ» አሉኝ።

ከሰሞኑ በአንዱ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ደምሴ ነው።

«እንኳን ደስ ያለህ!» አለኝ። «ልጃችን ተናገረች!»

«ልጃችን?»

«ቲቸር አሁን ደወለችልኝ። ክፍሉ ፊት ለፊት ወጥታ፣ በእንግሊዝኛ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች። ተማሪው አጨበጨበ አለችኝ። አባት ነኝና እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።»

«ስለ ምን ተናገረች?»

«እሱን አልጠየቅኩም።»

«ምን አለች? እንዴት ብላ ጀመረች?»

«አንተ ሰውዬ፣ ተናገረች እያልኩህ!» አለና ዘጋው።

ያን ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ምንም አላጠናሁም። ቤት ስገባ ማህሌት ወጥ ቤት ከእናቷ ጋር እየሳቀች ነበር። ራት ቀረበ። «ውሎሽ እንዴት ነበር?» አልኳት፣ በአማርኛ፣ የማላውቅ መስዬ።

«ደህና» አለች።

ጠበቅኩ። ስለ ታክሲ ሰልፍ አወራች፣ ስለ ጓደኛዋ አዲስ ጫማ አወራች። ጉርሻዬን እያሳነስኩ፣ አፌን ባዶ እያደረግኩ ጠበቅኩ። ማዕዱ ተነሳ። ብጠይቃት ከማን ሰማህ ትለኛለች፤ የተደወለው ለአባቷ ነው፣ እኔ ከየት አመጣዋለሁ?

እጇን ታጠበችና ስልኳን ይዛ በረንዳ ወጣች። መጋረጃው ጋ ብርጭቆ ላነሳ ሄጄ ነው የሰማኋት። «ጋሽ ደምሴ፣ ቲቸር ደወለችልዎት አይደል? ቆይ፣ ያልኩትን ልንገርዎት» አለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ የበረንዳው አጥር ላይ አስቀመጠችውና፣ ክፍል ፊት እንደቆመች ሁሉ ቀጥ ብላ ቆማ፣ የተናገረችውን በሙሉ በእንግሊዝኛ ደገመችለት። አንድም ቦታ አልቆመችም። አንድም ቃል የማይገባው ሰው ከስልኩ ውስጥ «ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ልጅ!» ይላል። ሁሉም የሚገባኝ እኔ፣ እንዳትሰማኝ ትንፋሼን ውጬ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ነበር።